ፋሲካ የዘገየበት የብድር ዓመት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዳዊት ከባንክ ሲመለስ ፊቱ እንደ ሐምሌ ሰማይ ጠቁሮ ነበር። እዚህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችው፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ቡፌ ይሠራል። አሁን ደግሞ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ሊገዛ አስቦ ብድር ጠይቋል። ለብድሩ የሚያዘው የእኔ ቤት ነው፤ በሱቅ ንግድ ጥርሴን ነክሼ የሠራሁት ባለ ሦስት ክፍል ቤት። ስለዚህ የእሱ ጭንቀት የእኔም ነው።

«እማ፣ ወለዱን ጨምረውታል» አለኝ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ ብሎ። «ዓምና የነገሩኝ ሌላ፣ ዘንድሮ ሌላ። ይኼ አራጣ እንጂ ወለድ ነው እንዴ?»

ሳላስበው ሳቅሁ። የዛሬ ልጅ አራጣን በስሙ እንጂ በመልኩ አያውቀውም። እኔ በዕድሜዬ ወለድ ስንት ዓይነት መልክ ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ። በልጅነቴ የማውቀው ገብስ ሆኖ ነው። ቀጥሎ በየወሩ ከመቶ ብር ላይ አሥር ብር የሚጠይቅ ጎረቤት ሆነ። ከዚያ በሞተር ሳይክል የሚመጣ፣ ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሰካ ወጣት ሆኖ መጣ። አሁን ደግሞ መስታወት ጀርባ ተቀምጦ «በመቶ ይህን ያህል» ይላል። ዳዊት ግን የሚጠብቀው ወሬዬን ሳይሆን ፊርማዬን ነበር። «እስቲ አድሬበት ልንገርህ» አልኩትና ምሳ አቀረብኩለት። እሱ ሲበላ የእኔ ልብ ተወልጄ ያደግሁበት ግሼ ደርሶ ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ባል አግብቼ፣ ባል ፈትቼ፣ እናቴ ቤት ተመልሻለሁ። በእኛ አገር ይህ ብዙ አያስደንቅም ነበር፤ «የመጀመሪያውን ወላጅ መረጠልሽ፣ ሁለተኛውን ራስሽ ትመርጫለሽ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ቤታችን ከራቤል ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። ከበራችን ፊት ለፊት አንድ መደብ መሬት አለ፤ ከብቶቻችን ለዘመናት ያደሩበት፣ ፍግ የጠገበ፣ ገብስ ሲዘራበት ሰው ውስጡ ገብቶ የሚጠፋበት። ያ መሬት ግን በእጃችን አልነበረም።

አባቴ ታሞ ሐኪም ቤት ሲመላለስ ያለን ጥሪት አለቀ። ሲሞት ደግሞ ተዝካር አለ። እናቴ የሺ ባሏን «እንደ ደኃ» መሸኘት አልሆነላትም፤ ከጎረቤታችን ከአያ ደምሴ ገንዘብ ወስዳ መሬቱን በወለድ አገድ ሰጠች። ወለድ አገድን ለማያውቅ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አበዳሪው ወለድ አይጠይቅም። በወለዱ ፈንታ መሬትህን ይዞ ያርሳል፣ ምርቱን ይበላል፤ ዋናውን ገንዘብ እስክትመልስ ድረስ አንድ ዓመትም ይሁን አሥር ዓመት መሬቱ ከእጁ አይወጣም። የበላው ገብስ የብድሩን እጥፍ ቢያወጣ እንኳ ከዕዳው አንዲት ብር አይጎድልም። ሰው ሁሉ «አያ ደምሴ ደግ ናቸው፣ ወለድ አይበሉም» ይል ነበር። እውነትም ክፉ ሰው አልነበሩም። እናቴ ግን ጠዋት በሩን በከፈተች ቁጥር የሰው ገብስ ዓይኗ ላይ ይወዛወዛል። አንድ ቀን በሩን ወደ ኋላ በኩል ስለ ማዞር ስታወራ ሰምቻታለሁ።

መሬቱን ለማስመለስ ሁለት ደንብ አለ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ፣ ሙሉውን፣ በሽማግሌ ፊት መሰጠት አለበት። ደግሞም ከግንቦት ልደታ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ አበዳሪው ሞፈሩን ያስገባና ሌላ ዓመት ይበላል። እናቴ ሦስት ልደታ በባዶ እጇ አሳልፋ ነበር።

የብድርና ቁጠባው ወጣት በሞተር ሳይክል ወደ ቀበሌያችን የመጣው በዚህ መሃል ነው። መያዣ አይጠይቅም። አምስት ሰው በቡድን ሆኖ እርስ በርሱ ዋስ ይሆናል፤ ገንዘቡ ለዓመት ነው፤ ወለዱም ከአራጣ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። አንዱ ካልከፈለ ግን አራቱ ይከፍሉለታል፤ ያ ካልሆነ በሬም ሆነ ላም ከደጅ ይነዳል። ጎረቤታችን ጋሽ ሸዋንግዛው የቡድኑ ሰብሳቢ ሆኑ። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ሁሉን ነገር ቀድመው የሚፈሩ፣ ከፈሩ በኋላ ግን ከማንም የማያንሱ ሰው ነበሩ። እናቴ በጥቂት ብር ስላልተማመነች እኔም ገባሁ፤ ሁለት የጋሽ ሸዋንግዛው ዘመዶች ተጨመሩና አምስት ሆንን።

ምክራችን ቀላል ነበር። ከፋሲካ ማግስት በግ ይረክሳል፤ ያን ጊዜ እንገዛለን። ዓመቱን እናደልባለን፤ በመጪው ፋሲካ፣ የአዲስ አበባ ነጋዴ መኪናውን ይዞ ራቤል ድረስ ሲመጣ እንሸጣለን። ብድሩን ከፍለን በትርፉ እኔና እናቴ መሬታችንን እናስመልሳለን። ከፋሲካ እስከ ፋሲካ አንድ ዓመት፤ ብድሩም አንድ ዓመት። ገንዘቡ በዳግም ትንሣኤ ሳምንት እጃችን ገባ። ወጣቱ የሚከፈልበትን ቀን ጮክ ብሎ አነበበልን፤ እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። ከአምስታችን አንድ ሰው እንኳ «ፋሲካ እኮ ቦታውን ይቀያይራል» አላለም። ጾም የሚገባበትን ቀን በየዓመቱ ከካህን አፍ የምንሰማ ሰዎች!

ያ ዓመት እንዴት ያለ ዓመት ነበር! የአገሩ የጋራ ግጦሽ የሆነው ጓሳ ለዚያ ዓመት ዝግ ስለነበር ሣር ከዚያ አይገኝም፤ በጎቹን የባቄላ ገለባና የጠላ አተላ እየሰጠን፣ ሳምንት ሳምንት አሞሌ ጨው እያስላስን አሳደግናቸው። የአምስታችን በጎች አንድ ላይ ስለሚሰማሩ እንዳይቀላቀሉ ጆሯቸው ላይ ምልክት አደረግን፤ የጋሽ ሸዋንግዛው ጫፉ ላይ፣ የእኛ ከዳር ትንሽ ቁራጭ። ውርጩ የዘመዳሞቹን ገብስ መታው፤ በጎቹ ግን ላታቸው መሬት ሊነካ ደረሰ። እናቴ ማታ ማታ ጀርባቸውን እየዳበሰች «እናንተ ናችሁ መሬቴ» ትላቸው ነበር።

ከነነዌ ጾም በፊት ባለው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ የጋሽ ሸዋንግዛው ሚስት ደስ ብሏቸው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ዘንድሮ ፍስኩ እንዴት ረዘመልን እናንተ! ዓምና ይኼኔ ሁዳዴ ገብቶ አልነበር? ቅቤ ጠግበን የምንጾምበት ዓመት ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። እናቴም ሳቀች፤ ከዚያ መሃል መንገድ ላይ ቆመች።

«ጾሙ ከዘገየ ፋሲካው ይዘገያላ» አለች።

«ታዲያስ?» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

«ብድሩስ አብሮ ይዘገያል?»

ወረቀቱን ከቤት አምጥቼ ቀኑን አነበብኩት፤ ጋሽ ሸዋንግዛው በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ። ብድሩ የሚከፈለው ሆሳዕና እንኳ ሳይደርስ፣ ጾሙ በከረረበት ሳምንት ነበር። በሁዳዴ በግ ማን ይገዛል? ለቅበላ የሚያርድ ሰው እንኳ ከየቤቱ ነው የሚያርደው፤ የአዲስ አበባ ነጋዴ ደግሞ ከሰሙነ ሕማማት በፊት ወደ ራቤል ዝር አይልም። በዚያ ወቅት ከሸጥን ብድሩ ከነወለዱ ሲከፈል በእጃችን አንዳች አይተርፍም። ካልሸጥን በሬዎቻችን ይነዳሉ። መሬቱ እንደገና ሊያመልጠን ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው ወጣቱን «ቀኑን ትንሽ ግፋልን» ብለው ሊለምኑት ወረዳ ድረስ ሄዱ። «ቀኑ ከላይ የመጣ ነው፣ እኔ አልነካውም» ብሎ መለሳቸው። እናቴ ያን ሳምንት ቃል አልወጣትም። እኔም ፈራሁ፤ ለበሬዎቹ ሳይሆን ለእሷ። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ድምፁ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ራቤል ወረድን፤ ዋጋ ልንጠይቅ እንጂ በግ አልነዳንም። የተነገረን ዋጋ የፈራነውን ያህል ነበር። ተመልሰን ልንወጣ ስንል እናቴ ጨው ልትገዛ ወደ አቶ ይማም ዘንድ ጎራ አለች። አቶ ይማም ከቆላው ከማጀቴ ጨውና አቡጀዲ በአህያ እየጫኑ የሚመጡ ነጋዴ ናቸው፤ አባቴን ያውቁት ነበር።

«ምነው እትዬ የሺ፣ ፊትሽ ጠፋ?»

እናቴ ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸው ሚዛናቸውን አስቀምጠው ሳቁ። እኔ ተናደድኩ፤ በሰው ጭንቅ የሚሳቅ መሰለኝ።

«የአንቺ ፋሲካ ቢዘገይ የእኛስ በዓል?» አሉ። «አረፋ እኮ ጾማችሁ ከገባ በሳምንቱ፣ ቢበዛ በአሥር ቀኑ ነው። የደጋ በግ እዚያ ታች እንደ ወርቅ ነው የሚፈለገው። ግን የሚያወርደው የለም፤ ሁላችሁም ሁዳዴ ገባ ብላችሁ ቤታችሁ ትቀመጣላችሁ።»

ያን ቀን ሽቅብ ስንመለስ እናቴ ከእኔ ቀድማ ትራመድ ነበር።

ጋሽ ሸዋንግዛውን ማሳመን ግን ቀላል አልሆነም። «የደጋ በግ ቆላ ከወረደ ይሞታል» አሉ። «ወባውስ? ሽፍታውስ? ደግሞስ በሁዳዴ ለአረፋ በግ ስንነዳ አገር ምን ይለናል?» የመጨረሻዋ ነገር ናት ሁሉንም የያዘቻቸው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ንስሐ አባታችን ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አባታችን በሽምግልናቸው ጆሯቸው ትንሽ ደከም ስላለ ነገሩን ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው።

«ልትበሉት ነው ልትሸጡት?» አሉ።

«ልንሸጠው ነው አባቴ።»

«መሸጥ መብላት አይደለም። ሂዱ። እግዚአብሔር ይከተላችሁ። ግን ሸዋንግዛው ቆላ ወርዶ ሥጋ ሸተተኝ ብሎ እንዳይፈስክ ጠብቂው።»

ጾሙ በገባ ሳምንት ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ጋሽ ሸዋንግዛው፣ እናቴ፣ እኔና ከዘመዳሞቹ አንዱ። ስንቃችን በሶና ቆሎ ነው። አፋፉ ላይ ስንደርስ ጉሙ ከሥራችን ነበር፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ውስጡ ይገባል። መጀመሪያ የአስታው ቁጥቋጦ ሽታ ቀረ፣ ከዚያ ብርዱ፣ ከዚያ ጋቢያችንን አውልቀን ተሸከምነው። ከወይራው በታች ግራርና ቁልቋል ጀመረ። በጎቹ ምላሳቸውን አውጥተው ማለክለክ ሲጀምሩ ጋሽ ሸዋንግዛው «ይኸው! ይኸው አላልኩም!» ይሉ ነበር፤ በየጥላው እያሳረፍን፣ በየምንጩ እያጠጣን ወረድን። እኔ ከዚያ በፊት ቆላ አላየሁም። አየሩ ገና ከምጣድ እንደወጣ ትኩስ እንጀራ ፊቴን ሲነካኝ፣ እግሬ ሲላብ፣ ነገሩ ሁሉ ጭንቀት ሳይሆን ሠርግ የምንሄድ መሰለኝ። በነጋታው ማጀቴ ገባን፤ አንድም በግ አልሞተም።

የአቶ ይማም ባለቤት ጾመኞች መሆናችንን ያውቁ ስለነበር ሱፍ ፍትፍት አዘጋጅተው ጠበቁን። ከዚያ በኋላ የሱፍ ፍትፍት ብዙ ቦታ በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጣመኝ የለም። ግቢያቸው ውስጥ ያለች ዛፍ ላይ የተሰቀለ ፓፓያ አይቼ «ይኼ ዱባ እንዴት ዛፍ ላይ ወጣ?» ብዬ ጠየቅሁና ልጆቹ ሁሉ ሳቁብኝ።

ገበያው ላይ ግን ሳቃችን ተቋረጠ። የመጀመሪያው ገዢ አንድ ነጭ ጺም ያላቸው አዛውንት ነበሩ። ጀርባውን አልዳበሱም፣ ላቱን አልያዙም። የበጉን ጆሮ በሁለት ጣታቸው ይዘው ገለጥ አደረጉት።

«ይኼ ምን ነካው?»

«ምልክት ነው» አልኩ።

«ለአረፋ የሚታረድ እንከን የሌለበት መሆን አለበት። ጆሮው የተቆረጠ...» ብለው በጉን ለቀቁት።

በገዛ እጃችን! አንድ ዓመት ሙሉ ጨውና አተላ እየሰጠን ያሳደግናቸውን በጎች በገዛ ቢላዋችን አበላሽተን ወርደናል። ጋሽ ሸዋንግዛው ወደ ሰማይ አዩ። እናቴ አጠገቤ ቆማ እጄን ያዘችኝ። አቶ ይማም ቀረብ ብለው ጆሮውን ዘርግተው አሳዩ፤ አዛውንቱም አንድ ሌላ ሰው ጠሩ፤ ተነጋገሩ፤ የእኛ ዕጣ በአንድ በግ ጆሮ ላይ ተንጠለጠለች።

«ትንሽ ናት» አሉ በመጨረሻ አዛውንቱ። «አብዛኛው ጆሮ አለ። ይሆናል፣ አያስነቅፍም።» ከዚያም ላቱን ጨብጠው ሲመዝኑ ዓይናቸው በራ። «ማሻአላህ! ምን እያበላችሁ ነው?»

ከረፋድ እስከ ቀትር በጎቻችን ተሸጠው አለቁ። ራቤል ላይ ከተነገረን ዋጋ ጋር አይተያይም፤ ለፋሲካ ከጠበቅነውም ይበልጥ ነበር። አንድ ብቻ ቀረ። ከሁሉ የሚገዝፈው የእኛ በግ፣ ክረምት ላይ ውሻ ጆሮውን ግማሽ ድረስ ዘንጥሎት ስለነበር ማንም አልነካውም። ጋሽ ሸዋንግዛው ያንን በግ ዳገቱን ሁሉ እየጎተቱ፣ ሲደክመው እየተሸከሙት «አንተ ጆሮ ቢስ! በእግርህ ወርደህ በጫንቃዬ ትወጣ?» እያሉ ወጡ። ለፋሲካ አርደን በላነው፤ ሥጋው እንዲያ የጣፈጠን በእውነት ከእፎይታው ብዛት ይመስለኛል።

ብድሩን ቀኑ ሳይደርስ ወስደን ከፈልን። ወጣቱ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ቀድመን ስንከፍል ወለዱ አይቀንስም?» አለችው እናቴ።

«ውል ውል ነው እማማ። ወለዱ የዓመቱ ነው።»

«አይ እንግዲህ! ከአያ ደምሴ በምን ትሻላላችሁ?» አለችና ራሷ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ደረሰኙን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ አስገባችው።

ከልደታ በፊት ባለው ሰንበት ሦስት ሽማግሌዎች መሬቱ ዳር ተቀመጡ። እናቴ ገንዘቡን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ሰጠች። አያ ደምሴ ተቀበሉ፣ ቆጠሩ፣ ተነሥተው ቆሙ። «መሬትሽን እንደ ዓይኔ ነው የያዝኩት የሺ። ዓምና እንኳ የራሴን ፍግ ጨምሬበታለሁ። እግዚአብሔር ይባርክልሽ» አሉ። እውነታቸውን ነው። እናቴም ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ ስትል አነሷት። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ።

ከዚያ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። እናቴ ቀን ተኝታ አይቻት አላውቅም፤ አባቴ በታመመበትም ጊዜ፣ ካረፈ በኋላም። ያን ዕለት መደቡ ውስጥ ገባች፣ መሃሉ ላይ ጋደም አለች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገችና በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወሰዳት። መንገደኛ ሲያልፍ «ምነው፣ አመማት?» ይለኛል። «ኧረ ደኅና ናት፣ ተኝታ ነው» እላለሁ። አጠገቧ ተቀምጬ ዝንብ ሳባርር ዋልኩ። ደስታ ብዬ የማስበው ነገር ቢኖር የዚያን ቀን ከሰዓት ነው።

ዳዊት ምሳውን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ «ይኼ የባንክ ብድር የሚከፈለው መቼ መቼ ነው?» አልኩት። ነገሩን አላሰበበትም ነበር። ወረቀቱን አወጣና አነበበልኝ፤ ትልቁ ክፍያ መጋቢት ላይ ነው። በመጋቢት ሠርግ የለ፣ ሙሽራ የለ፤ አልጋና ቁም ሣጥን ማን ይገዛል? ልጄ ስለ መቶኛው ሲጨነቅ ስለ ቀኑ አልጠየቀም። ወለድ የሚከብደው በመጠኑ ብቻ አይመስለኝም፤ እጅህ ባዶ በሚሆንበት ቀን ከመጣ ትንሹም ያንቅሃል።

በማግሥቱ አብረን ሄድን። እኔው ራሴ ጠየቅሁ። መስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን ትንሽ ነካካችና «ወደ ግንቦት ማዞር ይቻላል እማማ፣ ወለዱ ግን ያው ነው» አለችኝ። እንዲህ በቀላሉ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ ጋሽ ሸዋንግዛው ወረዳ ድረስ በእግራቸው የሄዱበትን ጉዳይ ልጅቷ ከወንበሯ ሳትነሣ ጨረሰችው። ዳዊት ከጎኔ ትንፋሹን ሲለቅ ተሰማኝ። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው፤ የቤቴ ቁጥር እላዩ ላይ ተጽፏል። ብዕሩን ተቀበልኩና ፈረምኩ። ቤት ገብቼ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ጋደም አልኩ፤ ስነቃ መሽቶ ነበር።